ከመከራ የሚወጣ በጎ

የክርስትና ትምህርት መከራን በጎ ነው አይልም። በሽታ፣ እስራት፣ ረሃብና የሰው ጭካኔ በመጽሐፍ ቅዱስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፉ ተብለው የተቆጠሩ ነገሮች ናቸው፤ ሰው እንዲወዳቸውም አልታዘዘም። ትምህርቱ የሚለው እግዚአብሔር ከክፉ ነገር በጎ ማውጣት ይችላል ነው። የሚያወጣውም ብዙ ጊዜ በመከራው ውስጥ ባሉት ሰዎች እጅ ነው። ሁለቱ አባባሎች የተቀራረቡ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንዱን በሌላው የተካ ሰው ወይ በዳዩን ወደ ማመስገን፣ ወይ ሐዘንተኛውን ወደ መውቀስ ያመራል። በክርስትና ታሪክ ሁለቱም ስህተቶች ደጋግመው ታይተዋል።

ለዚህ አስተሳሰብ ዋነኛው የብሉይ ኪዳን ምሳሌ በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈው የዮሴፍ ታሪክ ነው። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ በወንድሞቹ እጅ በ20 ብር ተሸጠ፤ በግብፅ በጌታው ሚስት በሐሰት ተከሶ ወህኒ ወረደ፤ ሕልሙን የፈታለት የፈርዖን ጠጅ አሳላፊ ከወህኒ በወጣ ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ ረሳው። ፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ዓመቱ ነው። አባታቸው ያዕቆብ ከሞተ በኋላ ወንድሞቹ በቀሉን ፈርተው እግሩ ላይ ሲወድቁ፣ ዮሴፍ ድርጊታቸውን አላቃለለውም። ያሰባችሁት ክፉ ነበር አላቸው፤ እግዚአብሔር ግን ያንኑ ክፉ ብዙ ሕዝብ ወደሚድንበት መንገድ እንደ መለሰው አስረዳቸው። ታሪኩ ሲተረክ በአብዛኛው የሚዘነጋው በመካከሉ ያለው ሥራ ነው። ዮሴፍ በወህኒ ቤት የእስረኞች ኃላፊ ሆኖ አገልግሏል፤ በጥጋቡ ሰባት ዓመት ደግሞ ከተማ ለከተማ እየዞረ እህል አከማችቷል። በጎው ነገር ከሰማይ የወረደ መና አልነበረም፤ በጎተራ የተሰበሰበ እህል ነበር።

በአዲስ ኪዳን ይህን ሐሳብ በሰፊው የሚያብራራው ቅዱስ ጳውሎስ ነው፤ እርሱም ከሩቅ ሆኖ ስለ መከራ የሚያስተምር ሰው አልነበረም። ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 5 ላይ ችግር ጽናትን፣ ጽናት በፈተና የተረጋገጠ ሰብእናን፣ ይህም ተስፋን እንደሚያስገኝ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ለፊልጵስዩስ ክርስቲያኖች የጻፈው ደግሞ ከእስር ቤት ነው። በዚያ መልእክት መታሰሩ ወንጌልን አላገደም ይላል፤ የሚጠብቁት ወታደሮች ለምን እንደ ታሰረ አውቀዋል፣ ውጭ ያሉት ወንድሞችም በእርሱ እስራት ድፍረት አግኝተዋል። በመልእክቱ መጨረሻ ሰላምታ ከሚያቀርቡት መካከል ከቄሣር ቤት የሆኑ አማኞች ይገኛሉ። ጳውሎስ ይህን ሁሉ ሲያወሳ ሰንሰለቱን አላወደሰም። ያው ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ከተማ ያለ ፍርድ ተገርፎ በታሰረ ጊዜ፣ ሮማዊ ዜግነቱን ጠቅሶ ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው ከወህኒ እንዲያስወጡት መጠየቁ በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል። መከራን በእምነት መቀበልና መብትን መጠየቅ በአንድ ሰው ሕይወት አብረው ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ልዩ ትርጉም አለው። እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግሮ ከሞተ በኋላ በኢየሩሳሌም ብርቱ ስደት ተነሣ፤ አማኞችም ወደ ይሁዳና ወደ ሰማርያ ተበተኑ። ከተበተኑት አንዱ ዲያቆኑ ፊልጶስ ነበር። በሰማርያ ሰብኮ፣ ከዚያ ወደ ጋዛ በሚወስደው የምድረ በዳ መንገድ ላይ የንግሥት ህንደኬን ገንዘብ ያዥ አገኘው። ሰውየው በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር፤ ከአጭር ውይይት በኋላ ተጠመቀ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ባኮስ ብላ የምታስበው ጃንደረባ ወንጌልን የሰማው እንግዲህ በስደት ምክንያት ከከተማው ከወጣ ሰው ነው። አሳዳጆቹ እንቅስቃሴውን ለማዳፈን ሲሞክሩ ኢየሩሳሌም ላይ ተወስኖ የነበረውን ትምህርት ለአገር መንገድ አበቁት።

ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የሆነው ደግሞ ከዚህ የባሰ አደጋ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደ መዘገበው፣ ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ወጣት ዘመዶቹን ይዞ ሲጓዝ መርከቡ በቀይ ባሕር ዳርቻ ተያዘ፤ በዚያን ጊዜ የአካባቢው ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ስለነበር ተሳፋሪዎቹ ተገደሉ። የተረፉት ሁለቱ ልጆች፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ፣ ለአክሱም ንጉሥ ተሰጡ። ኤዴስዮስ የንጉሡ መጠጥ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ ደግሞ የግምጃ ቤቱና የጽሕፈቱ ኃላፊ ሆነ። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ በአስተዳደሩ እንዲረዷት ለመነቻቸው፤ በዚህ ጊዜ ፍሬምናጦስ በከተማው ያሉትን ክርስቲያን ነጋዴዎች አሰባስቦ የጸሎት ቦታ እንዲኖራቸው አደረገ። ነፃ ሲወጣ ወደ ጢሮስ አልተመለሰም፤ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለአክሱም ጳጳስ እንዲላክ ፓትርያርኩን አትናቴዎስን ጠየቀ። አትናቴዎስም ከአንተ የተሻለ ማን አለ ብሎ ራሱን ሾመው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተብለው የሚታወቁት የመጀመሪያው ጳጳስ ወደ አገሪቱ የገቡት እንዲህ፣ የዘመዳቸውንና የባልንጀሮቻቸውን ሞት አይተው፣ በምርኮ ነበር። የሾሟቸው አትናቴዎስም ቢሆኑ በሃይማኖት ክርክር ምክንያት አምስት ጊዜ ከመንበራቸው ተሰደዋል።

እነዚህ ጥንታዊ ታሪኮች የተጻፉት ፍጻሜያቸውን ባወቁ ሰዎች ነው፤ መልካም ሆነው መጠናቀቃቸውም አያስደንቅም። በቅርብ ዘመን የተፈጸሙትና ቁጥር ያላቸው ታሪኮች ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ይበልጥ ያሳያሉ። ከእነዚህ ሁለቱ በኢትዮጵያ የተፈጸሙ ናቸው።

የመጀመሪያው የወላይታ ነው። በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመራ የሚስዮናውያን ቡድን፣ በኋላ ሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን በሚለው ስም የታወቀው፣ ሶዶ ደርሶ ሥራ ጀመረ። እርሻው ለብዙ ዓመታት አላፈራም ማለት ይቻላል። ጣሊያን አገሪቱን ወርሮ ሚስዮናውያኑን ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ከወላይታ ሲያስወጣ፣ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ በብዙ መጻሕፍት የሚጠቀሰው ቁጥር 48 ነው። አማኞቹ በቋንቋቸው ጥቂት የወንጌል ክፍሎች እንጂ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ አልነበራቸውም፤ ማንበብ የሚችሉትም ጥቂቶች ነበሩ። ሚስዮናውያኑ የሄዱት ይህች ትንሽ ጉባኤ ትተርፋለች የሚል ብዙ ተስፋ ሳይኖራቸው ነበር።

በወረራው ዓመታት መሪዎቹ ታሰሩ፣ በአደባባይ ተገረፉ፣ የጸሎት ቤቶቻቸው ፈረሱ። በግርፋቱ የሞቱም ነበሩ። ዋንዳሮ የተባሉት መሪ የቤተ ክርስቲያን ቤት ስለ ሠሩ በሕዝብ ፊት መገረፋቸው እስከ ዛሬ በአካባቢው ይነገራል። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ያገኙት ወደ 10,000 የሚገመት አማኝና ወደ መቶ የሚጠጋ ጉባኤ ነበር።

ይህን ለውጥ ተአምር ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ አማኞቹም የእግዚአብሔር ሥራ መሆኑን አይጠራጠሩም። ይሁን እንጂ በጎው ነገር በየትኛው በር እንደ ገባ መመርመር ይጠቅማል። አንዱ በር ምግብ ነበር። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ እስረኛን የሚቀልበው መንግሥት ሳይሆን ቤተሰቡ ነው፤ ስንቅ የሚያመላልስ ዘመድ የሌለው እስረኛ ይራባል። ለታሰሩት የወላይታ አማኞች የየጉባኤያቸው ሰዎች ስንቅ ያደርሱላቸው ነበር፤ የሚመጣው ምግብ ከእነርሱ ተርፎ ለሌሎች እስረኞች ይበቃ ነበር። ዘመድ ያልሆነ ሰው ስንቅ ይዞ ወህኒ ቤት ደጅ ሲቆም ያዩ ሰዎች ይህ እምነት ምን ዓይነት ዝምድና እንደሚፈጥር ጠየቁ። ከእስር ቤት ወጥተው ያመኑ ሰዎች መንገዱ ይህ ነበር። ስብከት ተከልክሎ እንጀራ ግን አልተከለከለም ነበር።

ሁለተኛው በር የመሪነት ነው። ሚስዮናውያኑ በነበሩ ጊዜ ወሳኞቹ እነርሱ ነበሩ፤ ሲሄዱ ግን ሽማግሌ የሚሾመው፣ የሚያጠምቀው፣ የሚገሥጸው የአገሩ ሰው ሆነ። እምነቱ የፈረንጅ ተቋም መሆኑ ቀርቶ የወላይታ ገበሬ ነገር ሆነ። ብዙ ሳይቆይ ወላይታዎች ራሳቸው ወንጌላውያን እየሆኑ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ወደ ሌሎች የደቡብ አካባቢዎች ተሻገሩ። ሚስዮናውያኑ በገዛ ፈቃዳቸው ይህን ያህል ሥልጣን በዚያ ፍጥነት ይለቁ ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ወላይታ በ1887 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ጦር ከተያዘ ወዲህ ሕዝቡ በገባርነት ሥር ኖሯል፤ ከሚስዮናውያኑ በፊት ደግሞ ኤሳ የተባለ የጋሞ ሰው ሕዝቡ ጣዖት ትቶ አንዱን ፈጣሪ እንዲያመልክ እየዞረ ሰብኮ ነበር። መሬቱ በከፊል የለሰለሰ ነበር ማለት ነው። የደረሰባቸው ተቃውሞም ከጣሊያን ብቻ አልመጣም፤ ከባላባቶችና ከአካባቢ ሹሞች፣ ከነፃነት በኋላም በሌላ ወገን ካሉ ክርስቲያኖች ጭምር መጥቷል። ይህ የማያስደስት እውነት ቢሆንም የታሪኩ ክፍል ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ የተገኘችው ከጦርነቱ ማግስት በናዝሬት ሆስፒታልና በትምህርት ቤቶች መሥራት ከጀመሩ አሜሪካውያን ሜኖናይቶች ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ምእመናን እ.ኤ.አ. በ1951 ተጠመቁ። አብዮቱ ሲመጣ ደርግ የሚስዮኖችን ንብረት መውረስ ጀመረ፤ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የነበረው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በ1969 ዓ.ም. ተወሰደ። የመሠረተ ክርስቶስ ተራ የደረሰው ጥር 1974 ዓ.ም. ነው። ሕንጻዎቿ ታሸጉ፣ የባንክ ሂሳቧ ታገደ፣ ስድስት መሪዎቿም ያለ ፍርድ ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። በዚያ ቀን 14 ጉባኤዎችና ወደ 5,000 የሚደርሱ አባላት ነበሯት።

ጉባኤው ወደ ቤት ገባ። አምስት ወይም ስድስት ሰው በአንድ ሳሎን ይሰበሰባል፤ ቦታውና ሰዓቱ በየጊዜው ይለወጣል፤ መዝሙሩ በለሆሳስ ነው። የቀበሌ ስብሰባ ብዙ ጊዜ በእሁድ ጠዋት ይጠራ ስለነበር የጸሎቱ ቀን ከእሁድ ወደ ሌላ ቀን መሻገሩ ግድ ነበር። ቡድኑ ሲበዛ ለሁለት ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን መሪ ያስፈልጋል፤ መሪ ለማግኘት ደግሞ ሰው ማሠልጠን ግዴታ ይሆናል። ቀድሞ ከመድረክ ሰባኪን ሲያዳምጡ የነበሩ አባላት አሁን በተራቸው ማስተማር ነበረባቸው። ሴቶች በዚህ ሥርዓት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ ጎረቤትን ቡና መጥራት ማንም የማይጠረጥረው ነገር በመሆኑ የሴት ቤት ከወንድ ቢሮ ይልቅ ለጸሎት የተመቸ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የአባላቱ ቁጥር ወደ 34,000፣ የጉባኤዎቹ ቁጥር ወደ 53 ደርሶ ተገኘ።

እዚህም ላይ በጎው የመጣው ከእገዳው ሳይሆን እገዳው ካስገደደው አሠራር ነው። ሕንጻ ያልነበራት ቤተ ክርስቲያን ለሕንጻ የምታወጣው ገንዘብ አልነበረም፤ የሚገታ የመቀመጫ ቁጥርም አልነበራትም። አሳዳጆቹ የዘጉት የሚታየውን በር ነው። በዚያው ዘመን ብዙ ወጣቶች በአብዮቱ ተስፋ ቆርጠው፣ ቀይ ሽብር ወንድምና ጓደኛ ነጥቋቸው፣ የሚያስጠጋ ነገር ይፈልጉ እንደ ነበርም መዘንጋት የለበትም። ትንሽ ክፍል ውስጥ ስምህን የሚያውቅ ሰው ማግኘት በዚያ ፍርሃት ጊዜ ከብዙ ስብከት ይበልጥ ነበር።

ከእነዚህ ታሪኮች ተነሥቶ ስደት ሁልጊዜ ቤተ ክርስቲያንን ያሳድጋል የሚል ሕግ ማውጣት ግን ስህተት ነው። አባባሉ በስብከት ውስጥ የተወደደ ቢሆንም ታሪክ አይደግፈውም። ቅዱስ አውግስጢኖስን ያፈራችው የሰሜን አፍሪካ ቤተ ክርስቲያን ጠፍታለች። ለኢትዮጵያ በጣም ቅርብ የነበረችው የኖብያ ክርስትና፣ ካቴድራሎችና በሥዕል ያጌጡ ግድግዳዎች የነበሯት፣ ዛሬ በሱዳን አሸዋ ውስጥ በቁፋሮ የሚፈለግ ቅርስ ሆናለች። በጃፓን ከ1614 እ.ኤ.አ. ወዲህ በታገደው ክርስትና የተገደሉት ብዙዎች ናቸው፤ የቀሩት ጥቂቶች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተደብቀው ቆይተው በ1865 እ.ኤ.አ. ናጋሳኪ ውስጥ ለአንድ ፈረንሳዊ ካህን ራሳቸውን ገለጡ። መትረፍ ነበር፤ ማደግ ግን አልነበረም።

በግለሰብ ደረጃ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ በጣሊያን ጥይት ሲገደሉ ከሞታቸው የሚወጣውን ነገር በዓይናቸው አላዩም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋቸውን ጥለው እንደማይሄዱ ተናገሩ፤ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ከጸሎት ሲወጡ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ከዚያ በኋላ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ እስራትና ሥቃይ አሳለፉ። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ዓመት በእስር ተገድለዋል። የቄስ ጉዲናና የፓትርያርኩ አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ስለ እነዚህ ሰዎች ሲነገር የክርስትና እምነት የሚታመነው በቁጥር አይደለም፤ በትንሣኤ ነው። ትንሣኤን የማያምን አንባቢ እዚህ ላይ ሒሳቡ አይገጥምለትም፤ የማይገጥምለት መሆኑንም አማኝ የሆነ ጸሐፊ መሸፈን አይገባውም።

የቀድሞዋ ቤተ ክርስቲያን መከራን በመፈለግና መከራን በመቀበል መካከል ያለውን ልዩነት ቀደም ብላ አስተውላለች። በሁለተኛው መቶ ዓመት የሰምርኔስ ክርስቲያኖች ስለ ጳጳሳቸው ስለ ፖሊካርፖስ ሰማዕትነት በጻፉት መልእክት ኲንጦስ የተባለ ሰው ይጠቀሳል፤ በራሱ ፈቃድ ሄዶ ራሱን ለፍርድ አቅርቦ፣ አራዊቱን ባየ ጊዜ ግን ደንግጦ እምነቱን ካደ። ፖሊካርፖስ በተቃራኒው መጀመሪያ ከከተማ ወጥቶ ተሸሸገ፤ በተያዘ ጊዜ ግን አልካደም። መልእክቱ የሚያመሰግነው ሁለተኛውን ነው፤ ራስን በራስ አሳልፎ መስጠትን ደግሞ በግልጽ ይነቅፋል።

ሌላው ጥንቃቄ ሰውን ማጽናናትን ይመለከታል። በለቅሶ ቤት ‹‹ሁሉም ለበጎ ነው›› የሚለው ንግግር ብዙ ጊዜ ከቅንነት ይመጣል፤ ነገር ግን ልጇን ቀብራ ለተመለሰች እናት የሚነገርበት ጊዜና የሚናገረው ሰው ማንነት ልዩነት ያመጣል። የኢዮብ ወዳጆች መልካም ያደረጉት ሰባት ቀን ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ዝም ብለው የተቀመጡ ጊዜ ነው፤ አፋቸውን ከፍተው ለመከራው ምክንያት መስጠት ሲጀምሩ ግን ተሳሳቱ፤ በመጽሐፉ መጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ምሬት ላይ ሳይሆን በእነርሱ ማብራሪያ ላይ ነው። ዮሴፍ ስለ ራሱ መከራ የተናገረውን ሌላ ሰው ስለ ዮሴፍ ቢናገረው ኖሮ ያው ቃል ጭካኔ ይሆን ነበር። ከመከራ የወጣን በጎ ለመመስከር መብቱ በመጀመሪያ የተቀበለው ሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን ከዓመታት በኋላ ወደ ኋላ ሲመለከት እንጂ በዚያች ሰዓት የሚናገረው አይደለም። በመካከሉ ያለውን ጊዜ የሚሞላው ልቅሶና ሙግት ነው፤ ከመዝሙረ ዳዊት ከሲሶው የማያንሰው አቤቱታ የሆነውም በከንቱ አይደለም።

አቤቱታው ሳይቆም ሥራው ይቀጥላል። መሠረተ ክርስቶስ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሕንጻዎቿ ቀስ በቀስ ሲመለሱላት የቤት ለቤት ቡድኖቹን አላፈረሰችም፤ ዛሬ በዓለም ካሉ የሜኖናይት ወገን ቤተ ክርስቲያኖች በአባላት ብዛት ትልቋ ናት። መሪዎቿ ያለ ፍርድ ታስረው የኖሩባት ይህች ቤተ ክርስቲያን በማረሚያ ቤቶች ውስጥ የሚያገለግል ክፍልም አቋቁማለች፤ ከእስረኞች ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ያጠናል፣ የተጣሉ ወገኖችን ያስታርቃል።